ስለ ራዲዮ አንቴና ምሰሶ ቁመት፤ የዱመርሶ ኰረብታና ሸለቆ ለምሳሌ

ክቡራን የዞንና የወረዳ ሹማምንት፥ የቡና እርሻና የመፈልፈያ ጣቢያ ባለቤቶችም ሆይ፤

በዚህ ጽሑፍ ገጾች ብዙ ጊዜ የሚነገረው ስለ ዘር፥ ስለ አፈርና ስለ ዝናብ ነው። ዛሬ ግን ስለ አንድ ምሰሶ ቁመት ልጽፍ ተነሥቻለሁ። አንባቢ «የምሰሶ ቁመት ለእርሻ ምን ይረባል?» ብሎ ነገሩን እንዳይንቀው እለምናለሁ። የዚያ ምሰሶ ቁመትና የሚቆምበት ስፍራ በማስተዋል ያልተመረጠ እንደ ሆነ፥ በመከር ወራት አንድ መኪና ሙሉ እሸት ቡና በመንገድ ዳር ሲሞቅ ያድራልና።

ዱመርሶ በጌዴኦ ዞን በይርጋ ጨፌ ወረዳ የሚገኝ የቡና አገር ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታው 2,000 ሜትር ገደማ ሲሆን፥ ምድሩ ኰረብታና ሸለቆ የሚፈራረቅበት ነው። ገበሬው ቡናውን በእንሰት መካከል፥ ከትልልቅ የጥላ ዛፎች በታች ያበቅላል። በመከር ጊዜ ቀዩ እሸት ቡና ከየመንደሩ ወደ መረከቢያው፥ ከመረከቢያውም በመኪና ወደ መፈልፈያ ጣቢያው ይወሰዳል። ይህንም እሸት በተለቀመበት ዕለት መፈልፈል ይገባል። በጆንያ ታጭቆ ያደረ እንደ ሆነ ይሞቃል፥ ያለ ጊዜውም መፍላት ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ በንጹሕ ውሃ ቢታጠብ፥ በአልጋ ላይም በጥንቃቄ ቢሰጣ፥ የጠፋው ጣዕም አይመለስም። የብዙ ቤተ ሰብ የዓመት ድካም በአንዲት ሌሊት ዋጋው ይወድቃል።

ስለዚህ በመረከቢያው ሚዛን አጠገብ የቆመው ሰው፥ ገንዳው ሞልቶ እንደ ሆነ፥ መፈልፈያው ተሰብሮ እንደ ሆነ፥ መኪናውም በጭቃ ተይዞ እንደ ሆነ ቶሎ ሊሰማ ያስፈልገዋል። ተንቀሳቃሽ ስልክ በዚህ ረገድ ብዙ ሸክም አቅልሎልናል፤ ይህን የሚክድ የለም። ነገር ግን ሸለቆ ውስጥ ሲገቡ ስልኩ ይጠፋል፤ መብራት ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥም ይደክማል። ደግሞም ስልክ አንዱን ሰው ከአንዱ ጋራ ያገናኛል እንጂ፥ አንድ ጊዜ የተነገረውን ቃል ለአሥር መረከቢያ በአንድነት አያሰማም። ራዲዮ ግን እንዲህ ያለውን ሥራ ይሠራል።

ለዚህ ጕዳይ በውጭ አገር የታወቀው ዓይነት ሲቢ ራዲዮ ይባላል። በአሜሪካ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1958 ዓ.ም. በ27 ሜጋኸርዝ አካባቢ ለማንኛውም ዜጋ ተፈቀደ፤ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ መስመሮቹ ከ23 ወደ 40 ከፍ ተደረጉ። እነዚህም ከ26.965 እስከ 27.405 ሜጋኸርዝ የተደረደሩ ናቸው። በተለመደው አነጋገር የሚፈቀድለት ኀይል 4 ዋት ብቻ ነው፤ ይኸውም ከአንዲት ትንሽ አምፑል የሚያንስ ነው። በአገራችን ግን ማናቸውም የራዲዮ ሞገድ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 በተቋቋመው በኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሥር ስለ ሆነ፥ መሣሪያውን ከመግዛት በፊት ፈቃድ መጠየቅ ግዴታ ነው። ባለሥልጣኑ ሌላ ሞገድ ቢመድብ፥ ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው የአንቴና ርዝመቶች ይለወጣሉ፤ ስፍራና ቁመት የሚመረጥበት አስተሳሰብ ግን አይለወጥም።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ኀይሉ እንዲህ ትንሽ ስለ ሆነ፥ ሥራውን የሚያቃናውም የሚያበላሸውም አንቴናው የቆመበት ከፍታ ነው። በገጠር ያደገ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ልጥቀስ። ሰው ከወንዝ ማዶ ያለውን ጎረቤቱን ሊጠራ ሲወድ፥ በቤቱ ውስጥ በርጩማ ላይ ወጥቶ አይጮኽም፤ ወደ ጉብታው ይወጣና ከዚያ ይጣራል። በርጩማው ቁመቱን ይጨምርለታል፤ ነገር ግን ኰረብታውን ከፊቱ አያነሣለትም። ራዲዮም እንዲሁ ነው። በ27 ሜጋኸርዝ በቅርብ አገር የሚሠራው ሞገድ ከሞላ ጐደል ዓይን እንደሚያይ ይሄዳል። ኰረብታ ጫፍ ላይ ትንሽ ይታጠፋል፤ በተራራ ውስጥ ግን አያልፍም።

ይህን በቁጥር ለማየት አንድ ቀላል ሒሳብ አለ። የአንቴናውን ቁመት በሜትር ይያዙ፤ በራሱ ሲባዛ ያን ቁመት የሚሰጠውን ቁጥር ይፈልጉ፤ ያን ቁጥር በ4.12 ያባዙ። የሚገኘው ሞገዱ በሜዳ ላይ ሊደርስበት የሚችለው የአድማስ ርቀት በኪሎ ሜትር ነው። ለምሳሌ ለ9 ሜትር ቁጥሩ 3 ነው፤ 3 ጊዜ 3 9 ነውና። ስለዚህ አድማሱ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ለ16 ሜትር ከ16 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል፤ ለ25 ሜትር 20 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ፤ ለ36 ሜትር ደግሞ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው። ከወዲያ ያለው ሰው በመኪናው ላይ በ2 ሜትር ቁመት አንቴና ቢኖረው፥ በዚህ ላይ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጨመራል። ይህ ሒሳብ ወሰኑን እንጂ የድምፁን ጥራት አይነግርም፤ ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል።

እርሱም ይህ ነው፤ ቁመቱን ከ9 ወደ 36 ሜትር አራት እጥፍ ያደረገ ሰው፥ አድማሱን ያሰፋው ሁለት እጥፍ ብቻ ነው። የብረቱ፥ የገመዱና የሠራተኛው ዋጋ ግን ከአራት እጥፍም ይልቅ ይጨምራል። በአንጻሩ ያንኑ የ9 ሜትር ምሰሶ ከሸለቆው 100 ሜትር ከፍ ባለ ኰረብታ ትከሻ ላይ ያቆመ ሰው፥ አንድ ብር ብረት ሳይጨምር ከ40 ኪሎ ሜትር የሚያልፍ አድማስ ያገኛል። በጌዴኦ ምድር 100 ሜትር የሚሆን ኰረብታ ለመፈለግ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ተፈጥሮ ያቆመችልንን ምሰሶ ትተን በብረት ሌላ ማቆም፥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ይህን የምጽፈው ከመጽሐፍ ብቻ ተምሬ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ አንድ ወረዳ ተልኬ ሄጄ ነበር፤ ስሙን መጥራት አያስፈልገኝም። በዚያ ወረዳ የ30 ሜትር የብረት ምሰሶ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ፥ ከባንዲራው አጠገብ ቆሞ አየሁ። ግቢው ከወንዙ ዳር በሸለቆ ውስጥ ነው። ምሰሶው ከሩቅ ሲያዩት ያምራል፤ ሹሙም እንግዳ በመጣ ቍጥር ያሳዩት ነበር። በራዲዮ ሲነገር ግን የከተማው ሰው ብቻ ይሰማል፤ ከኰረብታው ወዲያ ያሉት ሦስቱ መረከቢያዎች ከጩኸት በቀር አንዳች አይሰሙም። ጥፋቱ በመሣሪያው ላይ ተጣለ፤ መሣሪያው ተለወጠ፤ ነገሩ ግን አልተለወጠም። ኋላ አንድ የመጋዘን ጠባቂ ትርፍ አንቴና ለምኖ በቀርከሃ ጫፍ አሰረና ከመሥሪያ ቤቱ በላይ ባለው ጉብታ ላይ አቆመው። ሦስቱም መረከቢያዎች ያን ቀን መለሱለት። እኔም ያን ቀን ያፈርሁት ስለ ሹሙ ብቻ አይደለም፤ የምሰሶውን ግዥ ወረቀት መርምሮ «ተገቢ ነው» ብሎ የፈረመው የእኔው ጠረጴዛ ነበርና።

ስለዚህ አሳቤን በግልጥ ልናገር። የአንቴና ምሰሶ የሹመት ምልክት አይደለም። ስፍራው ሊመረጥ የሚገባው ከሚሰሙት ሰዎች አንጻር ነው እንጂ ከአዛዡ ወንበር አንጻር አይደለም። በመጀመሪያ ስፍራ፥ ቀጥሎ ቁመት፤ ይህ ቅደም ተከተል እንዳይገለበጥ።

ስፍራው ከተመረጠ በኋላ ቁመቱ ምን ያህል ይሁን? እዚህ ላይ የሞገዱን ርዝመት ማወቅ ይገባል። በ27 ሜጋኸርዝ አንዱ ሞገድ 11 ሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ቀጥ ብሎ የሚቆመው አንቴና የሞገዱ ግማሽ፥ ማለት 5 ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። አንቴናው ለምድር እጅግ የቀረበ እንደ ሆነ ኀይሉ ወደ ሰማይና ወደ አፈር ይባክናል፤ ስለዚህ የአንቴናው ሥር ቢያንስ የሞገዱን ግማሽ ያህል ከምድር ይራቅ፤ አንድ ሙሉ ሞገድ ያህል ቢርቅ መልካም ነው። ከዚህም ጋራ ከቆርቆሮ ጣራ በላይ መውጣትና ከዛፍ ቅጠል ጋራ አለመነካካት አለበት። እንግዲህ በኰረብታ ትከሻ ላይ ከ9 እስከ 12 ሜትር የሆነ ምሰሶ ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል እላለሁ። የ9 ሜትር ምሰሶ ላይ 5 ሜትር ተኩል አንቴና ሲቀመጥ ጫፉ 14 ሜትር ተኩል መድረሱ አይዘንጋ። ብረትና ገንዘብ ሞልቶ በተረፈበት በአሜሪካ እንኳ፥ ለሲቢ ራዲዮ የተወሰነው ሕግ የአንቴናው ጫፍ ከምድር ከ18.3 ሜትር፥ በቤት ወይም በዛፍ ላይ ሲቆምም ከዚያ ቤት ወይም ዛፍ በላይ ከ6.1 ሜትር እንዳያልፍ ያዝዛል።

ከዚህ በላይ መውጣት የራሱ ዕዳ አለው። የመጀመሪያው የገመዱ ነው። ቀጭኑ የአንቴና ገመድ 30 ሜትር ሲረዝም፥ ከገባበት ኀይል ከአሥር እጅ አራት ያህሉን በመንገድ ያስቀረዋል፤ ወፍራሙ ገመድ ሁለት ያህሉን ያስቀራል። ኀይላችን 4 ዋት ብቻ መሆኑን አስበው ይፍረዱ። ሁለተኛው የነፋስ ነው። ረጅም ምሰሶ በሦስት አቅጣጫ በሚገባ በተወጠረ ሽቦ ካልተያዘ፥ የመጀመሪያው ዐውሎ ነፋስ ይጥለዋል፤ እየሮጡ የታጠቁት እየሮጡ ይፈታል። ሦስተኛው የመብረቅ ነው። በደጋ አገር በክረምት ከሁሉ ከፍ ብሎ የቆመውን መብረቅ ይፈልገዋል፤ ስለዚህ ከምሰሶው ራስ እስከ ምድር ድረስ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ይውረድ፥ በምድርም በተቀበረ ዘንግ ይታሰር። ነጐድጓድ ሳይቀርብ ገመዱ ከመሣሪያው ይነቀል፤ ነጐድጓዱ ከቀረበ በኋላ ግን ማንም አይንካው። አራተኛውና ከሁሉ የሚከፋው የኤሌክትሪክ መስመር ነው። ምሰሶ ሲያቆሙ ወይም ሲያወርዱ መስመር ነክተው የሞቱ ሰዎች በየአገሩ ብዙ ናቸው። ስለዚህ ምሰሶው ከነአንቴናው ካለው ቁመት አንድ ተኩል እጥፍ ያህል ከመስመሩ ይራቅ።

አንዳንዱ ሹም «የቴሌ የብረት ማማ ስንት ሜትር ነው? የእኛስ ስለ ምን ያንሳል?» ይል ይሆናል። የቴሌ ማማ በሺህ ለሚቈጠር ስልክ ሌላ ሞገድ የሚያድል ነው፤ ደግሞም ባለሙያዎቹ ማማውን ከማቆማቸው በፊት የሚፈልጉት ኰረብታውን መሆኑን ልብ ይሏል። በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ ሥራ የጀመረው የራዲዮ ጣቢያም ቢሆን በአጭር ሞገድ ቃሉን ወደ ሰማይ ልኮ ባሕር ማዶ የሚያወርድ ነበር፤ ከኰረብታ ወደ ኰረብታ ለመነጋገር የተሠራ አልነበረም። ሥራው ልዩ ልዩ ሲሆን ምሰሶውም ልዩ ልዩ ነው።

በአሳቤ ላይ የሚነሣ እውነተኛ ተቃውሞ መኖሩንም አልሰውርም። «በግቢ ያለ ምሰሶ ይጠበቃል፤ በኰረብታ ላይ ያለው ሽቦ ይሰረቃል፤ ባትሪውን ማን ይሸከማል? ነጋሪውስ በዝናብ ማን ይወጣል?» የሚሉ አሉ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መልሴ እንዲህ ነው፤ የግድ የኰረብታው ጫፍ አያስፈልግም። የሚፈለጉትን ሸለቆዎች የሚያይ ትከሻ፥ ሰው የሚኖርበት ቤት የቀረበው ይመረጥ፤ ለባለይዞታውም ተገቢ ኪራይ በጽሑፍ ይሰጠው፥ ጥበቃውም በእርሱ እጅ ይሁን። በነጻ የተጠየቀ ጥበቃ ጥበቃ አይደለም። መረከቢያዎቹ ሁሉ ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ በዓይን የሚታዩ ከሆነ ግን፥ ምሰሶው በግቢው ቢቆም እኔ ተቃዋሚ አይደለሁም።

ስለ ዛፎችም አንድ ነገር ልለምን። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በ2016 ዓ.ም. መስከረም ወር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። የተመዘገበውም ዛፉ፥ እንሰቱና ቡናው በአንድነት ስለሚኖሩበት፥ አባቶችም ስላቆሙአቸው ትክል ድንጋዮችና ስለ ጠበቋቸው ደኖች ነው። ስለዚህ «አንቴናውን ጋረደው» ተብሎ የጥላ ዛፍ አይቈረጥ። ዛፍ ያለበት ስፍራ ከሆነ ምሰሶው ሦስት ወይም አራት ሜትር ይጨመርለት፥ ወይም ወደ እርሻው ዳር ይራቅ። ዛፍ የቈረጠ ሰው አንድ ሜትር አድማስ አግኝቶ የሃምሳ ዓመት ጥላ ያጠፋል። ደግሞ ትክል ድንጋይ ባለበት ወይም አገሬው በሚያከብረው ደን ውስጥ ምሰሶ ለማቆም ማንም አያስብ። ሌላውንም ጉብታ ቢሆን የሶንጎ ሽማግሌዎችን ሳይጠይቁ አይንኩት፤ ከየትኛው ጉብታ ላይ ሲጠሩ የትኛው መንደር እንደሚሰማ ከመሐንዲስ ይልቅ እነርሱ ያውቃሉ።

አሁን በሥራ የሚውል ምክር ልስጥ። ብረት ከመግዛት በፊት 12 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ባሕር ዛፍ ወይም የተቀጣጠለ ቀርከሃ ይዘጋጅ። በሁለት ወይም በሦስት ጉብታ ላይ እየተዘዋወረ፥ አንቴናው በመጀመሪያ በ6 ሜትር፥ ቀጥሎ በ9፥ በመጨረሻም በ12 ሜትር ላይ ይታሰር። በየመረከቢያው አንድ ሰው መሣሪያ ይዞ ይቁም፥ የሰማውንም «ጥርት ብሎ»፥ «በጭንቅ» ወይም «አልተሰማም» ብሎ ከነሰዓቱ ይጻፍ። ፈተናው አንድ ቀን በደረቅ፥ አንድ ቀን በዝናብ ይደረግ። የፀሐይ ነገር በሚበረታባቸው ዓመታት ከባሕር ማዶ የሚመጣ ድምፅ በዚህ ሞገድ ላይ እየገባ ስለሚረብሽ፥ ጧትም ቀትርም ማታም ይሞከር። ከ9 ወደ 12 ሲወጣ «በጭንቅ» የነበረው «ጥርት ብሎ» ካልሆነ፥ ሌላ ሜትር መጨመር ገንዘብ ማፍሰስ ነውና እዚያው ይቁም፥ ወይም ጉብታው ይለወጥ። ይህ ፈተና የሚፈጀው ጥቂት ቀንና ጥቂት የቀን ሠራተኛ ዋጋ ነው።

ፈተናው ካለፈ በኋላ የሚቆመው ምሰሶ ለ9 ሜትር አንድ ሜትር ተኩል ያህል በምድር ይግባ፤ እንጨት ከሆነ ሥሩ ከምስጥና ከእርጥበት እንዲጠበቅ ይሁን፤ በየዓመቱም ከመከር በፊት ሽቦውና ማሰሪያው ይመርመር። ከመጀመሪያው ረጅሙን ጠጋኝና መውጫ የሌለው ምሰሶ ከማቆም፥ ሁለት ሰው የሚያወርደውና የሚያነሣው መጠነኛ ምሰሶ ይሻላል። የማይወርድ ምሰሶ ላይ የተበላሸ አንቴና ሳይጠገን ዓመት ይከርማልና።

ይህን ሁሉ የጻፍሁት ስለ ቡና ብቻ አይደለም። በዚሁ በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል፥ በጎፋ ዞን፥ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በወረደው ናዳ ከ200 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የመጀመሪያዎቹን ለማዳን ሮጠው የደረሱ ጎረቤቶች ነበሩ። ራዲዮ ቢኖር ኖሮ ይተርፉ ነበር ብዬ ለመናገር አልደፍርም። ነገር ግን በክረምት፥ ስልክ በጠፋበት ሰዓት፥ ከአንድ ጉብታ የተነገረ ቃል በየሸለቆው ላለው ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲደርስ ማድረግ የሹም ሥራ ነው።

ስለዚህ የምሰሶ ግዥ ወረቀት በፊትዎ ሲቀርብ፥ ክቡር ሆይ፥ ከመፈረምዎ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሊሰሙ የሚገባቸው እነማን ናቸው፥ የትስ ቆመዋል? በየትኛው ጉብታ ላይ ተሞክሮ፥ በስንት ሜትር ተሰማ? የፈተናውስ ጽሑፍ የታለ? ጽሑፉ ከሌለ ወረቀቱን ይመልሱት። እኔ ያን ጊዜ ሳልጠይቅ ፈርሜያለሁ፤ የ30 ሜትሩም ብረት እስከ ዛሬ በግቢው ቆሟል፥ በጫፉ ላይ ግን ወፍ ብቻ ይቀመጥበታል።